የመኪና ኤሲ መቀዝቀዝ ሲያቆም፦ ራስ መሞከር፣ ጋዝ ማስሞላት ወይስ ጋራዥ? ለባሕር ዳር ነጂ የንጽጽር መመሪያ

ሚያዝያ ነው፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። ሐይቁ ዳር ዘንባባ ሥር ያቆምኳት ቪትዝ ጥላው ሸሽቷት ፀሐይ ላይ ቀርታለች። መሪው አያስነካም። ኤሲውን ከፈትኩ። ነፋሱ አለ፣ ግን እንጀራ ከሚጋገርበት ቤት በር የሚወጣ ዓይነት ነው። በቀጥታ ጋዝ ወደሚሞላ ልጅ ሄድኩ። ኮፈኑን ገና ሳይከፍት ምርመራውን ጨረሰ።

«ጋሼ፣ ጋዙ አልቋል።»

ሞላልኝ፤ ቀዘቀዘ። ሰኔ ላይ መልሶ ሞቀ። ሞላልኝ። መስከረም ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ሞልቼ ቤት ስገባ ሚስቴ «ይኼ ጋዝ ግን የት ነው የሚሄደው?» አለችኝ። እኔ ሦስቴ ከፍዬም ይህ ጥያቄ አልመጣልኝም ነበር።

የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን አይቃጠልም። እንደ ሞተር ዘይትም በየጊዜው የሚቀየር አይደለም። በዝግ ቧንቧ ውስጥ ሲዞር ይኖራል። ጎደለ ማለት ወጣ ማለት ነው። እርግጥ በላስቲክ ቱቦዎቹና በመጋጠሚያዎቹ በኩል በዓመታት ውስጥ ጥቂት ጥቂት ይሾልካል፤ አሥር ዓመት የሠራ መኪና ትንሽ ቢጎድልበት አይገርምም። በሁለትና በሦስት ወር የሚያልቅ ግን ቀዳዳ አለው። ቀዳዳውን ትቶ መሙላት «ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ» ነው። (እኛ ጣና ዳር ያለን ሰዎች እምቦጭ ሲባል የሚታየን ሌላ መከራ ቢሆንም ተረቱ እዚህም ይሠራል።)

የእኔ መኪና ችግር መጨረሻ ላይ ሲገኝ የደረቀች የጎማ ቀለበት ነበረች። ኦሪንግ ይሏታል። ከጣት ቀለበት ታንሳለች። ለእሷ ስል ሦስት ሙሌት ከፍያለሁ። እናንተ እንዳትከፍሉ ነው ይህን የምጽፈው።

በምን እንመዝን?

ኤሲ ሲበላሽ ባሕር ዳር ላለ ሰው አምስት መንገድ አለው። ራሱ መመርመርና መጠገን፣ መንገድ ዳር ጋዝ ማስሞላት፣ መሣሪያ የተሟላለት ጋራዥ መግባት፣ አዲስ አበባ መውሰድ፣ ወይም መስኮት ከፍቶ መኖር። አምስተኛውን እንደ ቀልድ አትዩት፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው መመዘኛዬ ምክንያቱን ያገኛል ወይ የሚለው ነው። ማቀዝቀዝና መጠገን ይለያያሉ። ሁለተኛው ወጪው በዓመት ሲደመር ስንት ነው የሚለው ነው። የዛሬው ርካሽ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ርካሽ አይደለም። ሦስተኛው አደጋ ነው፤ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ቀላል አይደለም፣ የሚያመልጠው ጋዝም ቆዳን በቅዝቃዜ ያቃጥላል፣ ዓይንን ያጠፋል። ከዚያ ጊዜና ዕቃ ይመጣል። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፦ ስህተት ቢፈጠር የሚከፍለው ማን ነው?

ዋጋ በብር አልጽፍም። የዛሬው ቁጥር ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። መለኪያዬ አንድ የጋዝ ሙሌት ነው። ሌላውን ሁሉ ከእሱ ጋር እያወዳደርኩ እነግራችኋለሁ።

ከሁሉም በፊት፦ ግማሽ ሰዓት ኮፈኑ ፊት

ይህ ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው። የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ መጀመሪያ ይህን አድርጉ። ምንም አያስከፍልም። ጋራዥ ስትገቡም «አይሠራም» ከማለት «ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን ጨምቆ የሚገፋው ፓምፕ) አይነሳም» ማለት ይሻላል። የሚነግራችሁ ሰው ቃሉን መምረጥ ይጀምራል።

ነጠላ ወይም ሻርፕ ከለበሳችሁ አውልቁ። የነጠላ ጥለትና የሚሽከረከር ቺንጋ አይዋደዱም። የራዲያተሩ ፋን ሞተሩ ጠፍቶም ድንገት ሊነሳ ስለሚችል ጣታችሁን አታስጠጉ። ፍሬን ያዙ፣ ማርሹን ነጻ አድርጉ፣ ደጅ ላይ ይሁን።

መጀመሪያ ነፋሱን ተመልከቱ። ጨርሶ ከሌለ ፊውዝ ወይም የነፋሱ ሞተር ነው። አንድ፣ ሁለትና ሦስት ላይ ዝም ብሎ አራት ላይ ብቻ የሚነፍስ ከሆነ ሬዚስተሩ፣ ማለትም የነፋሱን ፍጥነት የሚቀንሰው ትንሽ ዕቃ፣ ተቃጥሏል። ብዙ መኪና ላይ ከተሳፋሪው እግር በላይ፣ ዳሽቦርዱ ሥር ነው ያለው። በሁለት ብሎን ይፈታል። ከጋዝ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ሆኖም በዚህ ምክንያት ጋዝ የተሞላላቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ነፋሱ ደካማ ከሆነ የካቢን ፊልተሩን አውጡ። አብዛኛውን ጊዜ ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዳሽቦርድ ሳጥን ጀርባ ነው፣ መፍቻም አይፈልግም። የእኔን ሳወጣው የዘንዘልማ መንገድ አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖት፣ የደረቀ ቅጠልና የአንዲት ፌንጣ ክንፍ ይዞ ነበር። አራግፌ መለስኩት፤ ያን ቀን ብቻ ግማሽ ልዩነት አየሁ። በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ገዛሁ። ያገለገለ መኪና ከገዛችሁ ደግሞ ቦታው ባዶ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ያኔ አቧራው የገባው ፊልተሩ ላይ ሳይሆን ኢቫፖሬተሩ (ዳሽቦርዱ ውስጥ ሆኖ ነፋሱን የሚያቀዘቅዘው ክፍል) ላይ ነው፤ ሥራው ከበድ ይላል።

ነፋሱ ጠንካራ ሆኖ ካልቀዘቀዘ ወደ ኮፈኑ ሂዱ። ሞተሩን አስነሱ፣ ኤሲውን ከፍ አድርጉ፣ አንድ ሰው የኤሲውን ማብሪያ እያበራ ያጥፋላችሁ። ኮምፕሬሰሩ ጋ «ቀጭ» የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። ቺንጋው የሚያዞረው ፑሊ ሁልጊዜ ይዞራል፤ እሱ አያታልላችሁ። ማየት ያለባችሁ ከፊቱ ያለውን ሳህን ነው። «ቀጭ» ሲል ሳህኑም አብሮ ይዞራል። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ይህ ሳህን የላቸውም፤ ኮምፕሬሰራቸው ሁልጊዜ እየዞረ አቅሙን በውስጥ ይቀንሳል፣ ይጨምራል። ለእነሱ ይህ ፈተና አይሠራም።

ሳህኑ ካልዞረ ፊውዙን ተመልከቱ። ከዚያ ሪሌውን (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ትንሽ ሳጥን)። የኤሲው ሪሌና የክላክሱ ሪሌ ቁጥራቸው አንድ ከሆነ አቀያይሩና ሞክሩ። ኤሲው ተነስቶ ክላክሱ ዝም ካለ ጨርሳችኋል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ጋዙ በጣም ጎድሎ ይሆናል፤ ግፊት ሲጠፋ ኮምፕሬሰሩ እንዳይነሳ የሚከለክል ጠባቂ ስዊች አለ። ኮምፕሬሰሩ የሚቀባው ዘይት ከጋዙ ጋር ስለሚዞር፣ ስዊቹን በሽቦ አስነክቶ የሚያስነሳላችሁ ሰው ኮምፕሬሰሩን ያለ ዘይት እያስኬደው ሊሆን ይችላል። እምቢ በሉ።

ሳህኑ ከዞረ ቧንቧዎቹን በእጃችሁ አንብቡ። ወደ ዳሽቦርዱ ከሚገቡት ሁለቱ ወፍራሙ ቀዝቅዞ ማላብ አለበት። ከኮምፕሬሰሩ ወደ ኮንደንሰሩ (ከራዲያተሩ ፊት ሆኖ የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያወጣው) የሚሄደው ደግሞ ይፋጃል፤ እጅ ቀረብ አድርጉ እንጂ አትጨብጡት። ሁለቱም ለብ ብለው ከቀሩ ወይ ጋዙ ጎድሏል ወይ ኮምፕሬሰሩ እየዞረ አይገፋም።

አንድ ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ። ገበያው ጋ ባጃጅ መሃል ተጣብቃችሁ ስትቆሙ ይሞቃል፣ ዓባይ ድልድይን ስትሻገሩ ይቀዘቅዛል። ይህ ብዙ ጊዜ የኮንደንሰር ችግር ነው። ወይ ፋኑ አይሠራም፣ ወይ ኮንደንሰሩ ተደፍኗል። ማታ ማታ ሐይቁን ተከትሎ የሚነዳ ሰው ኮንደንሰር ላይ ትንኝ ተለጥፎ ይደርቃል፤ በላዩ አቧራ ሲጨመር ጭቃ ግድግዳ ይሆናል። በተራ የቤት ጎማ፣ በቀስታ፣ በውሃ እጠቡት። ላቫጆ ወስዳችሁ በግፊት አታስመቱት፤ ቀጫጭን ክንፎቹ ታጥፈው አየር ይዘጋሉ።

መጨረሻ ላይ የዘይት እድፍ ፈልጉ። ጋዝ የሚሾልክበት ቦታ ጥቂት ዘይትም ይዞ ይወጣል። እኛ አገር አቧራው አይጠፋምና ዘይቱ ላይ ይለጠፋል። ቧንቧው ሁሉ ደረቅ ግራጫ ሆኖ አንዲት መጋጠሚያ ዙሪያዋን ጠቁራ፣ ረጥባ፣ በጣት ስትነኳት ከለበደች ሌባው እሷ ናት። የሳሙና ውሃ አረፋ ቀቡባት። የእኔ ኦሪንግ የተገኘችው እንዲህ ነው፤ አረፋው በአንድ በኩል ብቻ ቀስ እያለ ያብጥ ነበር።

ሦስት ነገሮች ደግሞ ችግር መስለው ችግር አይደሉም፣ ወይም ቀላል ናቸው። ከመኪናው ሥር ውሃ መንጠባጠቡ ጤና ነው። ውሃው ተሳፋሪው እግር ሥር ከመጣ የማፍሰሻ ቱቦው ተደፍኗል። የሻጋታ ሽታ ካለ ኢቫፖሬተሩ እርጥብ ሆኖ ያድራል፤ ቤት ከመድረሳችሁ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ኤሲውን አጥፍታችሁ ነፋሱን ብቻ ተዉት።

አንደኛው መንገድ፦ ዕቃ ገዝቶ ራስ መሥራት

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ጣሳ ጋዝና ትንሽ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ገዝቶ መሙላት ነው። ይህን አልመክርም። የመንገድ ዳሩን ሥራ ራሳችሁ መሥራት ማለት ነው፤ ልዩነቱ ልምዱ የእሱ መሆኑ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የተሟላ ዕቃ ነው። ለዝቅተኛና ለከፍተኛ ግፊት ሁለት መለኪያ ሰዓት ያለው ጌጅ፣ ቫኪዩም ፓምፕ (ቧንቧውን ከአየር ባዶ የሚያደርግ)፣ የጣሳ መክፈቻ፣ ሚዛን፣ መነጽር፣ ወፍራም ጓንት። የዚህ ዋጋ ብዙ ሙሌት ነው። ለአንድ መኪና አይመልስም። ሁለት ሦስት መኪና ያለው ቤተሰብ ወይም አብረው የሚገዙ ጎረቤቶች ካሉ ግን ይመልሳል።

እዚህ ላይ ባሕር ዳር ብቻ ሳይሆን ደጋውና ወይና ደጋው ሁሉ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ፓምፕ ገዝቼ መጀመሪያ ቀን ስሞክር የጌጁ መርፌ 24 ኢንች (የሜርኩሪ ኢንች፣ የባዶነት መለኪያ) ላይ ቆመ። መመሪያው 29፣ 30 ይደርሳል ይላል። አንድ ሰዓት ሙሉ ሠራ፤ ንቅንቅ የለም። ፓምፑ ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ጠቅልዬው ነበር። ፓምፑ ግን ምንም አልሆነም። መመሪያው የተጻፈው ባሕር ወለል ላይ ላለ ሰው ነው። እኛ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 80 በመቶ ያህል ነው። ጌጁ የሚለካው ከዙሪያው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ ባሕር ዳር ላይ ፍጹም ባዶ ማለት ራሱ 24 ኢንች ገደማ ነው። ከዚያ በታች መውረድ አይቻልም።

ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን መርፌው ወደ ኋላ መመለሱን ተመልከቱ። 30 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ አየሩን አውጡ፣ ቫልቮቹን ዝጉ፣ ፓምፑን አጥፉ፣ ቡና ጠጡ። ከ20 ደቂቃ በኋላ መርፌው እዚያው ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ከተመለሰ ቀዳዳ አለ። ጋዝ አትሙሉ።

የግፊት ቁጥሮቹም ከመጽሐፉ በሦስት ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ያህል ይበልጣሉ። አር-134ኤ የሚባለው የተለመደ የኤሲ ጋዝ ያለበት ሲስተም ሞተሩ ጠፍቶ፣ 25 ዲግሪ ሙቀት ላይ፣ እዚህ 85 ፒኤስአይ አካባቢ ያሳያል። ይህ ቁጥር ግን ጋዙ ሙሉ ነው ማለት አይደለም። እንደ ማድ ቤት ሲሊንደር አስቡት፤ ግማሽም ይሁን ሙሉ፣ ውስጡ ፈሳሽ እስካለ ግፊቱ ያው ነው። ሚዛን ያስፈለገን ለዚህ ነው። ስንት ግራም እንደሚገባ ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ትንንሽ አውቶሞቢሎች ብዙ ጊዜ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው የሚይዙት። 100 ግራም ትርፍ እዚህ ትልቅ ስህተት ነው። የኩሽና ሚዛን ይበቃል፤ ጣሳውን ላዩ አስቀምጡና የሚቀንሰውን አንብቡ።

ሞተሩ ሲሠራ ዝቅተኛው ሰዓት ከ25 እስከ 45፣ ከፍተኛው ከ150 እስከ 250 ፒኤስአይ ባለው ውስጥ መዋል የተለመደ ነው፤ እንደ ቀኑ ሙቀት ይለዋወጣል። ሁለቱም ካነሱ ጋዝ ጎድሏል። ሁለቱም ከበዙ ወይ ጋዝ በዝቷል፣ ወይ አየር ገብቷል፣ ወይ ኮንደንሰሩ አልበረደም። ዝቅተኛው ከፍ ብሎ ከፍተኛው ከወረደ ኮምፕሬሰሩ ደክሟል። ዝቅተኛው ወደ ባዶ ከወረደ የሆነ ቦታ ተደፍኗል።

አደጋውን አላቃልለውም። ጣሳ በዝቅተኛው በኩል ብቻ፣ ቀጥ አድርጎ። በከፍተኛው በኩል የተገናኘ ጣሳ ይፈነዳል። ጋዙን በዝግ ጋራዥ ውስጥ አትልቀቁ፣ እሳት አጠገቡ አይኑር። ያለውን ጋዝ አየር ላይ መልቀቅም ነውር ነው፤ አንድ ኪሎ አር-134ኤ ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያህል ሙቀት ይይዛል። አሮጌ ጋዝ ማውጣት ካስፈለገ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ያውጣው። እንዲሁም «ቀዳዳ የሚደፍን» የሚባለውን ፈሳሽ አትጨምሩ፤ የሚደፍነው ቀዳዳውን ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ፦ መንገድ ዳር ጋዝ ማስሞላት

ፈጣን ነው፣ ለዛሬ ርካሽ ነው። ልጆቹን አልወቅስም፤ አብዛኛው ደንበኛ የሚጠይቀው «ሙላልኝ» ብሎ ነው። ለጠየቅነው መልስ ሰጡን።

የሚያዋጣው መኪናው ለብዙ ዓመት ተሞልቶ የማያውቅ ከሆነና እድፍ የሚባል ነገር ካልታየ ነው። ከዚያ ውጭ ለጊዜው ነው። ከመሞላቱ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። በሚዛን ነው ወይስ በግምት? ሲሊንደሩ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው? ጽሑፉ የተፋቀ ወይም ስሙ ከመኪናችሁ ወረቀት ጋር የማይገጥም ከሆነ አመስግናችሁ ሂዱ። የምግብ ማብሰያ ጋዝም ያቀዘቅዛል፣ እውነት ነው። ግን ቧንቧው ከተሳፋሪው ክፍል ጋር ነው የሚገናኘው። ኢቫፖሬተሩ አንድ ቀን ቢሾልክ ቤተሰባችሁ ከሲሊንደር ጋር ተቀምጧል ማለት ነው።

ሦስተኛው መንገድ፦ መሣሪያ ያለው ጋራዥ

ዋጋው ከአንድ ሙሌት ይበልጣል። በዓመት ሲደመር ግን ለእኔ ከሁሉ ያነሰው ይህ ሆኖ ተገኝቷል። አሮጌውን ጋዝ ያወጣሉ፣ ይመዝናሉ፣ ባዶ ያደርጋሉ፣ ይፈትሻሉ፣ በግራም ይሞላሉ። ምን ያህል ግራም እንደወጣ ጠይቁ። 450 ከሚይዝ መኪና 200 ብቻ ከወጣ ቀዳዳውን ሳያገኙ እንዳይሞሉ ንገሯቸው።

ሁሉም «አለን» ይላል። ስለዚህ ቀድማችሁ በስልክ ጠይቁ። ቫኪዩም ስንት ደቂቃ ታደርጋላችሁ? ቀዳዳ በምን ትፈልጋላችሁ? ለሁለተኛው «በናይትሮጅን» ወይም «በሚያበራ ቀለም» የሚል መልስ ደስ ይላል። «በኦክስጅን» የሚል መልስ ከመጣ ስልኩን ዝጉ። ኦክስጅን በግፊት ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል።

ኮምፕሬሰር ይቀየር ከተባላችሁ ረጋ በሉ። አዲስ፣ ኮፒና ያገለገለ አለ። ያገለገለ ከገዛችሁ በእጅ አዙሩት፤ ሳይንቀራፈፍ፣ እኩል ክብደት እየሰጠ መዞር አለበት። ቀዳዳዎቹ ሳይከደኑ መደርደሪያ ላይ የከረመ አትግዙ፤ እርጥበት ገብቶበታል። አሮጌው ኮምፕሬሰር ተፈጭቶ የሞተ ከሆነ ደግሞ ብረቱ እስከ ኮንደንሰር ሄዷል። ቧንቧው ሳይታጠብ፣ ድራየሩ (እርጥበት የሚመጥጠው ዕቃ) ሳይቀየር የሚገጠም ኮምፕሬሰር በዚያው ብረት ይሞታል። «ድራየር አያስፈልግም» የሚል ሰው የሚቆጥብላችሁ ትንሽ ነው፣ የሚያስከፍላችሁ ብዙ።

አራተኛው፦ አዲስ አበባ

ለተራ ቀዳዳ 500 ኪሎ ሜትር መንዳት አያስፈልግም። ዕቃ ከጠፋ ዕቃው በአውቶቡስ ይምጣ። መኪናው ራሱ የሚሄደው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ወረቀቱ ላይ አር-1234ዋይኤፍ የሚል አዲስ ጋዝ ከተጻፈና እዚህ ካላገኛችሁት። በአር-134ኤ እንተካው የሚል ምክር አትቀበሉ። ሁለተኛ፣ መኪናው ኤሌክትሪክ ከሆነ። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እነዚህ መኪኖች በዝተዋል። የእነሱ ኮምፕሬሰር የሚሠራው በቺንጋ ሳይሆን በዋናው ባትሪ ነው። ብርቱካናማውን ኬብል አትንኩ፣ ይገድላል። ዘይቱም የተለየ ነው፤ የቤንዚን መኪና የኤሲ ዘይት ከገባበት ኤሌክትሪኩ እንዳያፈተልክ የሚከላከለውን ሽፋን ያበላሻል። እዚህ ያለ ጋራዥ ይህን ካወቀ ደግሞ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም፤ ጠይቁና እዩት።

አምስተኛው፦ መስኮት

ባሕር ዳር አፋር አይደለችም። ጠዋት እስከ 4 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ ያለ ኤሲ ይነዳል። ከተማ ውስጥ ብቻ የምትንቀሳቀሱ፣ ኪስ የተጎዳ ከሆነ፣ የመስታወት ፀሐይ መከላከያ ገዝታችሁ እስከ ደመወዝ መጠበቅ የሚያሳፍር አይደለም። የሚያሳስበኝ ክረምቱ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲወርድና አምስት ሰው ሲተነፍስ መስታወቱ በደቂቃ ይጨልማል። ያን ጭጋግ ቶሎ የሚያነሳው ኤሲ ነው፣ እርጥበቱን ስለሚጠባ። ስለዚህ ጥገናውን ከሰኔ አታሳልፉ። የሚሠራ ኤሲ ያላችሁ ደግሞ በብርዱም ወቅት በሳምንት አሥር ደቂቃ ክፈቱት፤ ዘይቱ ይዙር፣ ጎማዎቹ አይድረቁ።

| መንገድ | ምክንያቱን ያገኛል? | ወጪ በዓመት | አደጋ | ጊዜ | ቢበላሽ የሚከፍለው |
|---|---|---|---|---|---|
| ዓይንና እጅ ብቻ | ብዙ ጊዜ | ምንም | ዝቅተኛ (ፋንና ቺንጋ) | ግማሽ ሰዓት | የሚበላሽ የለም |
| ራስ፣ በተሟላ ዕቃ | ከትዕግሥት ጋር አዎ | መጀመሪያ ብዙ ሙሌት፣ በኋላ ጋዝ ብቻ | ከፍተኛ | አንድ ቅዳሜ ሙሉ | እናንተ |
| መንገድ ዳር ሙሌት | አያገኝም | አንድ ሙሌት፣ በሚደጋገምበት ልክ | መካከለኛ (ጋዙ ምን እንደሆነ) | ከሰዓት በታች | እናንተ |
| መሣሪያ ያለው ጋራዥ | አዎ | ከአንድ ሙሌት በላይ፣ አንድ ጊዜ | ዝቅተኛ | ግማሽ ቀን፣ ዕቃ ከሌለ ሳምንት | ደረሰኝ ካለ ጋራዡ |
| አዲስ አበባ | አዎ | ከሁሉም በላይ | ዝቅተኛ | ቀናት | ሩቅ ስለሆነ መከራከር ይከብዳል |
| መስኮት | አይመለከተውም | ምንም | ክረምት ላይ ጭጋግ | የለም | የለም |

ለማን የቱ?

ለቤተሰብ መኪና፣ በጀቱ ውስን ለሆነ፦ ግማሽ ሰዓቱን ራሳችሁ ፈትሹ። ፊልተር፣ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ኮንደንሰር እጠቡ። ካልሆነ የሙሌቱን ገንዘብ አታውጡ፤ ትንሽ ጨምሩበትና ጋራዥ ግቡ።

ለታክሲና ለሃይየስ ባለቤት፦ ሥራ የቆመበት ቀን ራሱ ወጪ ነው። ሁለት ተሽከርካሪ ካላችሁ የራሳችሁ ጌጅና ፓምፕ ይኑራችሁ፤ ለመጠገን ባይሆን እንኳ የተባላችሁትን ለማረጋገጥ። ኋላም ኤሲ ያለው ሃይየስ ሁለት ኢቫፖሬተር አለው። ወለሉ ሥር ወደ ኋላ የሚሄዱት ቧንቧዎች በጠጠር ይመታሉ፤ እድፉን እዚያ ፈልጉ።

አነስተኛ ሞተር ላላቸው፦ ወደ ጎንደር ዳገቱን ስትወጡ ኤሲው ሞተሩን ቢያደክመው ብልሽት አይደለም። ከፍታው ራሱ የሞተሩን ጉልበት ወስዷል። ዳገቱን አጥፍታችሁ ውጡ።

ያገለገለ መኪና ለመግዛት ለምታዩ፦ ሻጩ «ኤሲው ጋዝ ብቻ ነው የሚፈልገው» ካላችሁ «እሺ፣ አስሞላውና እንምጣ» በሉት። ጋዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱ ራሱ ሞልቶ ዋጋ ይጨምርበት ነበር።

ወደ አዲስ አበባ በዓባይ በረሃ ለምትወርዱ፦ ደጀን ላይ በነፋሱ ተታላችሁ ኤሲው ደህና ነው አትበሉ። ከጉዞው ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሙ። የውስጥ አየሩን ብቻ እንዲያዞር አድርጉና 15 ደቂቃ ጠብቁ። መሃለኛው ቀዳዳ ላይ ትንሽ ቴርሞሜትር ሰኩ። ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ ሂዱ። 15 ላይ ከቆመ ኮንደንሰሩን እጠቡና ድገሙት። 20 ከሆነ ሦስት ቀን አላችሁ፤ በጠዋት ጋራዥ ግቡ።